የአገር የለሹ እንቆቅልሽ

መብራቱ እንግዲህ ዛሬ አይመጣም። ረድኤት፣ ሻማውን አጥፊው፣ ለነገ ይትረፈን። አዎ አጥፊው፤ እኔ ሰው ሲያየኝ ማውራት አልችልበትም። ሲፈን፣ ከላይኛው አልጋ ውረጂና እዚህ ጠጋ በይ። የዶርሙ በር ተቀርቅሯል? ደግ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ። እስክጨርስ ድረስ ማንም ሰው «ምን አውቅልሽ» እንዳይል። ሰማችሁ? ሳቁብኝ፣ አቋርጡኝ፣ ስደቡኝ። ያቺን ቃል ብቻ ከአፋችሁ እንዳታወጧት። ለምን አትበሉኝ፣ እደርስበታለሁ።

ሰውዬው አለልኝ ይባላል። አገሩን አልነግራችሁም። አንዴ ተሰጥቶ የተመለሰ አገር ነው፤ እንዲህ ያለ አገር ስሙ በጨለማ አይጠራም።

ዘመኑ ድሮ ነው። ወሩ ነሐሴ ነው። ሰዓቱ ሰው እራቱን በልቶ በሩን የዘጋበት ሰዓት ነው። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው፤ ከዛፉ ላይ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። መንገዱ ከመንደሩ ይወጣል፣ በወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያልፋል፣ ወንዙን ይሻገራል፣ ከዚያ ወደ ውሃ ቆፋሪዎቹ ካምፕ ይሄዳል። በዚያ መንገድ ላይ ማን አለ? ማንም የለም። አለልኝ ብቻ። በየማታው ይሄዳል፣ ብቻውን ይሄዳል።

በመንገዱ መሐል ቀድሞ የድንጋይ ቁልል ነበር። ከሩቅ የመጣ አንድ መንገደኛ እዚያ ወድቆ ሞቷል። ስሙን የሚያውቅ አልነበረም። አገሩን የሚያውቅ አልነበረም። መንደርተኛው ቀበረው፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ ያለፈ ሁሉ አንድ ድንጋይ ያነሣና «እንካ፣ ይህን ተንተራስ» ብሎ ይጥልለታል። የአገር የለሹ ድንጋይ ይሉታል። ልጅም ይጥላል፣ ሽማግሌም ይጥላል። እንዲህ እየሆነ ቁልሉ የሰው ቁመት አከለ።

ኋላ ውሃ ቆፋሪዎች መጡ። ከወንዙ ማዶ ካምፕ ሠሩ። የክረምቱ ጭቃ አስቸገራቸው። ምን ያድርጉ? ድንጋዩን አዩት። በመኪና ጭነው ወሰዱትና የካምፑን ቤት ወለል አነጠፉበት። መንደርተኛው አጉረመረመ። ማን ሰማው?

አለልኝ የዚያ ካምፕ ንብረት ጠባቂ ነበር። ክረምቱ ሲከብድ ቆፋሪዎቹ ሥራ አቁመው ሄዱ። ፈረንጁ ኢንጂነርም ሄደ። ሲሄድ ለአለልኝ እንዲህ አለው፤ «ጄኔሬተሩ እንዳይበላሽ ማታ ማታ ትንሽ አስነሣው። ከደበረህ ደግሞ ይኸው፣ በኮምፒውተሬ ተጫወት።»

«የዚያን ጊዜ ኮምፒውተር? ስንት ጊጋ?» አልሽ፣ ሲፈን?

ምን ጊጋ አለ አንቺ! አንድ ፎቶሽን ብትጭኚበት የሚያንቀው ነው። ያለው ቁልፍ የተደረደረበት አንድ ሰሌዳ ብቻ ነው። ሰሌዳውን ከቴሌቪዥን ጋር ያያይዙታል፤ ጨዋታው ደግሞ በቴፕ ካሴት ነው የሚመጣው። ካሴቱን ትከቺያለሽ፣ ማጫወቻውን ትጫኚያለሽ፣ ቴፑ እንደሚታረድ ነገር ይጮኻል፣ ይጮኻል፣ ይጮኻል፤ ከዚያ ዝም ሲል በጥቁሩ መስታወት ላይ ጽሑፍ ይወጣል። ሥዕል የለውም። ጽሑፍ ብቻ፣ በእንግሊዝኛ።

ጽሑፉ ምን ይላል? «ጨለማ መንገድ ላይ ቆመሃል። ከፊትህ የተዘጋ በር አለ። ምን ታደርጋለህ?» ይላል። አንተ ደግሞ የምታደርገውን ትጽፍለታለህ። በሩን ክፈት ትለዋለህ፣ «ተቆልፏል» ይልሃል። ፋኖሱን አንሣ ትለዋለህ፣ «አንሥተሃል» ይልሃል። ያልገባው ነገር ከጻፍህ «ይህን ቃል አላውቀውም» ይልሃል። እንዲህ ነው ጨዋታው።

አለልኝ ተያዘበት። አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ፣ እንግሊዝኛ የሚወድ፣ ግን በእንግሊዝኛ የሚያናግረው ሰው ያላገኘ ልጅ ነበር። አሁን አገኘ። ያ የተዘጋ በር አልከፈት እያለው በየማታው ይመለሳል። በየማታው ያንኑ መንገድ ብቻውን ይሄዳል።

አንድ ማታ ካሴቱን ከተተ፣ ቴፑ ጮኸ፣ ዝም አለ፣ ጽሑፉ መጣ። «ጠባብ መንገድ ላይ ቆመሃል። በስተግራህ ወንዝ አለ። ድንጋይ የለም።»

አለልኝ ደገመና አነበበው። ድንጋይ የለም? ጨዋታው ያለውን ነው እንጂ የሌለውን ነግሮት አያውቅም። ቴፑ አርጅቷል አለና አጥፍቶ ተኛ።

በማግስቱ ማታ ሄደ። ካሴቱን ከተተ፣ ቴፑ ጮኸ፣ ዝም አለ። «ጠባብ መንገድ ላይ ቆመሃል። በስተግራህ ወንዝ አለ። ከኋላህ ወፍጮ ቤት አለ። ድንጋይ የለም። ማን ወሰደው?»

ወፍጮ ቤት! ፈረንጅ የሠራው ጨዋታ የአያ ስንሻውን ወፍጮ ቤት ከየት ያውቀዋል? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ተነሥታችሁ ትሮጣላችሁ። አለልኝ ግን አልሮጠም። እጁን ቁልፉ ላይ እንዳደረገ ቀረ። ያን ጊዜ ጽሑፉ ተጠረገና ከታች አንዲት ቃል ብቻ መጣች። በፈረንጅ ፊደል የተጻፈች፣ ግን አማርኛ። ቃሏ ምን ነበረች?

እንቆቅልህ።

አያችሁ፣ ሰው የለመደው ነገር ይጥለዋል። ከእኛ አገር ልጅ እንቆቅልህ ተብሎ ዝም የሚል አለ? እጁ ከልቡ ቀደመና «ምን አውቅልህ» ብሎ ጻፈ።

ጽሑፉ ቀስ እያለ መጣ፤ የደከመ ሰው የሚጽፈው ይመስል ነበር።

«በመንገድ መጣሁ፤ መንገዱ አለቀ፣ እኔ አላለቅሁም። ሁሉም ያልፈኛል፤ ማንም አያውቀኝም። ማነኝ?»

አለልኝ «ጥላ» አለ። «አይደለም።» «ነፋስ» አለ። «አይደለም።» «አቧራ» አለ። «አይደለም። አገር ስጠኝ።»

ሕጉን ታውቁታላችሁ። ያላወቀ አገር ይሰጣል፣ የጠየቀው አገሩን ይቀበላል፣ በሰጪው ላይ ይኮራል፣ ከዚያ መልሱን ይናገራል። አለልኝ ይህን ጊዜ ፍርሃቱ ለቀቀው። ኢንጂነሩ አማርኛ ተምሮ ሊያሾፍብኝ የሠራው ነው ብሎ አሰበ። ፈገግ አለና «ጎንደርን ሰጠሁህ» ብሎ ጻፈ።

«ሩቅ ነው። አልደርስበትም።»

«ለንደንን ሰጠሁህ።»

«ባሕር አለው። አልሻገረውም።»

አለልኝ ሳቀ። ምን ዓይነት ሰነፍ ነው አለ። «በል እንግዲያው አገሬን ሰጠሁህ፤ ከነጭቃው፣ ከነቁንጫው።»

ጽሑፉ መጣ።

«ተቀበልኩ።»

ጄኔሬተሩ ማንም ሳይነካው ጠፋ።

በማግስቱ ጠዋት በዚያ መንደር ዶሮ አልጮኸም። አውራ ዶሮው አጥር ላይ ይወጣል፣ ክንፉን ያራግባል፣ አንገቱን ያሰግጋል፣ አፉን ይከፍታል፤ ድምፅ የለም። ማታ አለልኝ ካሴቱን ከተተ። «አገርህ ገባሁ» ይላል ጽሑፉ። «የዶሮህን ጩኸት በላሁ። ጣፈጠኝ።»

በሚቀጥለው ቀን ውሾቹ ዝም አሉ። አያ ስንሻው ባለወፍጮው ውሻውን አቅፎ በየደጁ ዞረ። «ኧረ እዩልኝ! ያፈጣል፣ ጥርሱን ያሳያል፣ ድምፁን ማን ሰረቀው?» ይላል። ውሻ ካልጮኸ ጅቡን ማን ይከለክለዋል? የዚያን ሌሊት ጅብ እስከ ግቢው ድረስ ገብቶ የአያ ስንሻውን አህያ በላ። አህያዋም አልጮኸችም።

አለልኝ ሁሉን ያውቃል። ለማንም አልተናገረም። ማታ ሄዶ ለመነው። «እባክዎን፣ ቀልዴን ነበር» ብሎ ጻፈ። ምን መለሰለት?

«ነገ ሕፃናቱን። ከነገ ወዲያ ትልልቁን። ከዚያ አገሩ ጸጥ ይላል፤ የእኔ ይሆናል።»

አለልኝ አንዲት እኅት ነበረችው። ታላቁ ናት፤ እታለም ይላታል። ስሟ ይታይሽ ነው። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ያለቻት አንዲት ጡት የምትጠባ ልጅ ናት፤ ሌሊቱን ሙሉ እየጮኸች ጎረቤት የምታስነሣ ልጅ። ጎረቤቶች «ይህችስ ጥሩንባ ናት» ይሏታል። በማግስቱ ጠዋት ይታይሽ ፀሐይ ከወጣ በኋላ ነቃች። ለምን እስካሁን ተኛሁ ብላ ደነገጠች። ዞራ ብታይ ልጅቷ ታለቅሳለች። ፊቷ ቀልቷል፣ እጇ ይንፈራገጣል፣ እንባዋ ይወርዳል። ድምፅ የለም። ማን ያውቃል ስንት ሰዓት እንዲያ ስታለቅስ እንደቆየች? እናቷ ከጎኗ ተኝታ።

ይታይሽ አላለቀሰችም። ልጇን አዘለች። የወንድሟን በር በእግሯ ከፈተችው።

«አለልኝ፣ ቀና በልና እየኝ።»

ቀና አላለም።

«አውቄአለሁ፤ ሰሞኑን እህል አይበላህም፣ እንቅልፍ አይወስድህም። ምን አደረግህ?»

ነገራት። ሁሉንም ነገራት። እሷም ሰማችው፣ ሰማችውና «አገራችንን ከነቁንጫው ሰጠኸው?» አለችው።

«እታለም፣ ጨዋታ መስሎኝ…»

«የአባትህን ከብት ብትሰጥ ይሻል ነበር። እሺ፣ መልሱስ ምን ሆነ?»

«የምኑ መልስ?»

«የእንቆቅልሹ ነዋ! አገር ተቀብሎ መልሱን አልነገረህም?»

አለልኝ አሰበ። «አልነገረኝም» አለ።

«በየትኛው አገር ነው አገር ተቀብሎ መልስ የሚደበቀው? ማታ እንሄዳለን።»

«እታለም ተይ! ሞቶ የማያርፍን ነገር ማን ይሟገተዋል?»

«አገሬን ማን ሰጠ? አንተ። ማን ያስመልሳል? እኔ። ፋኖሱን ጋዝ ሙላበት።»

መሸ። ሄዱ። ያንን መንገድ ሄዱ። በወፍጮ ቤቱ ጀርባ አለፉ። ወንዙን ተሻገሩ። ዶሮ የለም፣ ውሻ የለም፣ ሕፃን የለም። እግራቸው ጭቃው ውስጥ ሲገባና ሲወጣ ብቻ ይሰማል። ከዚያ ሌላ ነገር ተሰማ። ከኋላቸው። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲቀመጥ፦ ቋ። ይራመዳሉ፦ ቋ። ይቆማሉ፣ እሱም ይቆማል። አለልኝ ሊዞር ሲል ይታይሽ ክንዱን ጨመደደችው።

«አትዙር። እኛ ወደ እሱ እየሄድን ነው፤ ከኋላ መምጣቱ የእሱ ችግር ነው።»

ካምፑ ደረሱ። ጄኔሬተሩን አስነሡ። ካሴቱን ከተቱ፣ ቴፑ ጮኸ፣ ዝም አለ። ይታይሽ በመሠረተ ትምህርት ሀ ሁን ቆጥራለች፣ የፈረንጁን ፊደል ግን አታውቅም። እሷ ትናገራለች፣ አለልኝ ይጽፋል። መስታወቱ ላይ «አገሬ እንዴት አደረ?» የሚል መጣ። አለልኝ አነበበላት።

«በለው፦ አንተ፣ መልሱ የታለ?»

አለልኝ ጻፈ። ይታይሽ ጣቱን አየችው።

«እኔ ከተናገርኩት የበለጠ ነው የጻፍከው። ምን ጨመርክ?»

«እባክዎን… እና እርስዎ።»

«ኧረ እግዜር ይይልህ! ልጄን ለሚበላ ነው እርስዎ? ጅብን እርስዎ ትለዋለህ? አጥፋና አንተ በለው!»

አጠፋው። አንተ አለው። ጥቁሩ መስታወት ቆየ። ቆየ። ከዚያ ጽሑፉ መጣ።

«ሌላ አገር ስጡኝ፣ እነግራችኋለሁ።»

አለልኝ ሲያነብላት ይታይሽ ምን አደረገች? ሳቀች። በዚያ ሌሊት፣ በዚያ ቤት፣ ልጇ ጀርባዋ ላይ ድምፅ አልባ እያለቀሰች፣ ሳቀች።

«አያውቀውም» አለች። «አለልኝ፣ አያውቀውም! የራሱን እንቆቅልሽ አያውቀውም!»

ይህን ስትል ፋኖሱ ጠፋ። ከእግራቸው በታች የወለሉ ድንጋይ ተንቀሳቀሰ፤ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ፣ ብዙ ሰው በእንቅልፉ የሚገላበጥ ይመስል። ቴፑም በራሱ መዞር ጀመረ። ከቴፑ ውስጥ ምን ወጣ መሰላችሁ? የዶሮዎቹ ጩኸት። የውሾቹ ጩኸት። የአህያዋ የመጨረሻ ጩኸት። ከዚያ ሁሉ ሥር ደግሞ ቀጭን ሆኖ፣ የልጇ ለቅሶ። ጀርባዋ ላይ ያለችው ልጅ ዝም ብላለች፤ ለቅሶዋ ግን ካሴት ውስጥ ነው።

ይታይሽ ጠረጴዛውን ያዘች። «እንሂድ፣ እታለም፣ እንሂድ» ይላል አለልኝ። እሷ ግን ወደ መስታወቱ ተጠጋች፤ ትንፋሿ ጉም እስኪሠራበት ድረስ ተጠጋች።

«ጻፍ» አለች። «የማታውቀውን ጠየቅህ። ያላወቀ ደግሞ አገር ይሰጣል። ሕጉ ለአንተም ሕግ ነው። አገር ስጠኝ!»

አለልኝ ጻፈ። ቴፑ ቆመ። ድንጋዮቹ ቆሙ።

«አገር የለኝም።»

«አንድ አለህ። ወንድሜ የሰጠህ አለህ።»

ዝም።

«አገር ስጠኝ!»

ዝም።

«አገር ስጠኝ አልኩህ! እስክትሰጠኝ እዚህ ነኝ። አንተ መንጋት ትፈራ እንደሆነ እንጂ እኔ ቤት የሚጠብቀኝ ባል የለኝ!»

ጽሑፉ መጣ። አንድ ፊደል፣ ቆይቶ አንድ ፊደል።

«ሰጠሁሽ።»

ይታይሽ ቀጥ ብላ ቆመች። እንቆቅልሽ ያሸነፈ ይኮራ የለ? ኮራች። «አገሬ ገባሁ!» አለች። «ዶሮዬን ተቀበልኩ! ውሻዬን ተቀበልኩ! ልጄን ተቀበልኩ! ጭቃውም የእኔ፣ ቁንጫውም የእኔ! ለአንተ አንዲት ቁንጫ አልተውልህም!»

ከወንዙ ማዶ አንድ ዶሮ ያለ ሰዓቱ ጮኸ። ሁለተኛው ተቀበለው። ውሾቹ አንድ ላይ ጮኹ። ከዚያ ጀርባዋ ላይ ያለችው ጥሩንባ ተነፋች። እንዴት ያለ ለቅሶ! የቤቱ ቆርቆሮ ነዘረ።

ሊወጡ ሲሉ አለልኝ ወደ መስታወቱ አየ። «እታለም፣ ሌላ ነገር ጽፏል።»

«ምን አለ?»

«መሽቶብኛል ይላል።»

ይታይሽ በሩ ላይ ቆመች። ልጇን ወደ ደረቷ አዞረችና ጡት ሰጠቻት። እንዲህም አለች፤ «በለው፦ ከመጀመሪያው የመሸብኝ እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ ብትል ኖሮ በዚህ አገር ማን ይከለክልህ ነበር? ጌታ ነኝ ብለህ መጣህ። በለው፦ ድንጋይህን እንመልስልሃለን፣ ሌላ ግን የለም።»

መለሱለት። በማግስቱ መንደርተኛው ሁሉ ወጥቶ ወለሉን ነቀለና ድንጋዩን አንድ በአንድ ተሸክሞ ወደ መንገዱ መለሰ። «እንካ፣ ይህን ተንተራስ» እያለ። ኢንጂነሩ ሲመጣ ወለሉ ጭቃ ሆኖ ጠበቀው። ተቆጣ፤ አለልኝን ከሥራ አባረረው። አለልኝ ግድ አልሰጠውም፤ ከዚያ ወዲያ ምን አውቅልህ ብሎም አያውቅ።

ያቺ ጥሩንባ? እናቴ ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ ዝም ብላ አታውቅም፤ በስልክ ስትጠራኝ ሰምታችኋታል። ለእኔ ድምፅ ሳታስተርፍልኝ ቀረች እንጂ።

እና አሁን «ማታ ብቻችሁን አትሂዱ» እንድላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። አልልም። ይታይሽ ሄዳለች። እናንተም ሂዱ።

ድንጋዩ ግን አሁን እዚያ የለም። ከዓመታት በኋላ የአስፋልት መንገድ መጣ፤ ቁልሉን በመኪና ጭነው ወሰዱት። ወዴት እንደወሰዱት የሚያውቅ የለም። ለሕንፃ መሠረት ነው ይላሉ። የየትኛው ሕንፃ? እኔ እንጃ። ይህ የእኛ ሕንፃ መሠረቱ ድንጋይ ነው አይደል?

ረድኤት፣ እጄን ልቀቂኝ፣ ጥፍርሽ…

ቆዩ።

ሲፈን። የላፕቶፕሽ ባትሪ ቀን ነው ያለቀው አላልሽም? ታዲያ ከላይኛው አልጋ ላይ ምንድነው የሚያበራው?

አትንኪው። ከዚህ ይነበበኛል። አንዲት ቃል ናት። ቃሏን ታውቋታላችሁ።

ዝም! ማንም እንዳይመልስ። ረድኤት፣ አታልቅሺ፣ አፍሽን ያዢ። ሁላችሁም ወደ እኔ ተጠጉ። ቀና በሉ። የመሸበት እንግዳ ከሆነ ወለሉ ሰፊ ነው፣ ይደር። አገር ስጡኝ ካለ ግን አንድ ላይ፣ ጮክ ብላችሁ፣ ሕንፃው እስኪሰማ፦

መልሱን አንተስ ታውቀዋለህ?